«አነበበ» የሚባለው ልጅ ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



አንድ ሕፃን ፊደል ለይቶ፣ ቃል ከቃል አጋጥሞ፣ መጽሐፉን ሳይንተባተብ ከዳር እስከ ዳር ቢወጣው ዘመድ ወዳጅ ሁሉ «ልጁ አነበበ» ይላል። ነገር ግን መጽሐፉን አጥፎ «ለመሆኑ ምን ይላል?» ተብሎ ሲጠየቅ ዝም ቢል፣ ይህ ልጅ አነበበ ይባላል ወይስ አይባልም? ነገሩ የመምህራን ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። እኛ ግን የኅሊና ጥያቄም ነው እንላለን። ለልጅ ድምፁን ሰጥቶ ትርጉሙን መንሣት ሣጥኑን ሰጥቶ ቁልፉን እንደ መያዝ ነውና።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የአገራችንን ሰው ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። የንግሥት ህንደኬ የገንዘቧ ሁሉ አዛዥ የነበረው ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብብ ነበር። ፊልጶስ ወደ ሠረገላው ሲቀርብ ንባቡን ሰማ። እንግዲህ ሰውየው ማንበብ የማይችል አልነበረም፤ ድምፁ ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር። የጎደለው ማስተዋሉ ነው። ፊልጶስም ያስተውለው እንደ ሆነ ጠየቀው። ጃንደረባው የሚመራው ሰው ከሌለ እንደማይችል ሳያፍር ነገረው፤ ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥም ለመነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ያን ያህል ትልቅ ሹም አለማስተዋሉን ለመናገር ካላፈረ ሕፃን የሚያፍርበት ምክንያት የለም። ሁለተኛ፣ ፊልጶስ መንገድ ዳር ቆሞ አልጮኸለትም፤ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ትምህርቱንም የጀመረለት ሰውየው ሲያነብብ ከነበረው ቦታ ነው።

«ታዲያ አባቶቻችን በቃል አጥንተው አይደለም ወይ ሊቃውንት የሆኑት?» የሚል ወንድም ወይም እኅት ይኖር ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ሕፃኑ ከፊደል ተነሥቶ መልእክተ ዮሐንስን፣ ከዚያም ዳዊትን በግዕዝ ሲያነብብ ትርጉሙን ወዲያው አይጠየቅም። ይሁን እንጂ መንገዱ በዳዊት አያበቃም። ዜማው አለ፤ ቅኔው አለ፤ የመጻሕፍት ትርጓሜም አለ። በትርጓሜ ቤት መምህሩ የግዕዙን ንባብ በአማርኛ «አንድም» እያለ ሲያብራራ፣ በሕፃንነት የተከማቸው ቃል ይፈታል። አባቶች ቃሉን አስቀድመው ያስቀመጡት ኋላ ሊፈቱት ነው። ከእኛ ዘንድ የሚመጡት ልጆች ግን አብዛኞቹ ትርጓሜ ቤት አይደርሱም። በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ አብረውን ይቆያሉ። በር ላይ አቁመናቸው ብንሄድ ቤቱን ሳያዩ ያድጋሉ። ስለዚህ ትርጉሙን እንደ ዐቅማቸው ዛሬውኑ ሊያገኙት ይገባል።

የራሳችን ፊደልም ወደዚሁ ይመራናል። የአማርኛ ጽሕፈት ድምፅ ሲጠብቅና ሲላላ ለይቶ አያሳይም። «በጉ ይበላል» ተብሎ ቢጻፍ፣ አላልተን ስናነብበው በጉ ሣሩን ይግጣል፤ አጥብቀን ስናነብበው ግን በጉ ለድስት ቀርቧል። «ገና» የሚለውም ቃል አንዴ የጌታን ልደት፣ አንዴ ደግሞ ጊዜው አለመድረሱን ይናገራል። መልሱ በፊደሉ ላይ የለም፤ በታሪኩ ውስጥ ነው። እንግዲህ በቋንቋችን ያላስተዋለ ልጅ ድምፁን እንኳ አስተካክሎ ማንበብ አይሆንለትም።

ችግሩ የጥቂት ልጆች አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በልዩ ልዩ ቋንቋዎች በተደረገው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ብዙ የሁለተኛ ክፍል ልጆች ስለ አንድ አጭር ታሪክ ከቀረቡላቸው ጥያቄዎች አንዱንም መመለስ እንዳልቻሉ ታይቷል። ይህ የልጆቹ ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እውነት ግን አይደለም። ሕፃን ፊደል ሳይቆጥር ገና አያቱ እግር ሥር ተቀምጦ ማስተዋል ይጀምራልና። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ ይመልሳል፤ ጅቡ አህያዋን እንዳታለላት ሳይነገረው ይገባዋል። «እንቆቅልህ» ሲባልም ካላወቀ አገር ሰጥቶ፣ ስቆ፣ መልሱን ይሰማል። ባለማወቁ የሚቆነጥጠው የለም። ስለዚህ ማስተዋሉ በልጁ ዘንድ አስቀድሞ አለ፤ የእኛ ሥራ ከመጽሐፉ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው።

ለዚህም ከታሪክ የበለጠ መሣሪያ የለም። የጠፋውን ልጅ ታሪክ ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 እንውሰድ። መጀመሪያ ታሪኩን ቀስ ብለን እናንብብላቸው። «እርያ» የሚለው ቃል ከከበዳቸው ዐሣማ መሆኑን እንንገራቸው። ቀጥሎ በጽሑፉ ላይ ግልጥ ሆኖ ያለውን እንጠይቅ፤ ልጁ ገንዘቡን ምን አደረገው? ከዚያ በጽሑፉ ላይ በግልጥ ያልተነገረውን እንጠይቅ፤ አባትየው ልጁን ከሩቅ ሊያየው የቻለው እንዴት ነው? አንድ ሕፃን ትንሽ አስቦ «በየቀኑ መንገዱን ያይ ስለ ነበረ ይሆናል» ቢለን፣ ይህ ልጅ አንብቧል። ይህን ቃል ከገጹ ላይ አላገኘውም፤ ከአባትየው ልብ ውስጥ ነው ያገኘው። በመጨረሻም ታላቅ ወንድሙ ወደ ግብዣው ገባ ወይስ ውጭ ቀረ? ብለን እንጠይቅ። ወንጌሉ አባትየው ወጥቶ እንደ ለመነው ይነግረናል እንጂ ልጁ መግባት አለመግባቱን አይነግረንም። ይህን ጊዜ ልጆቹ ይከራከራሉ። «አንተ ብትሆን ኖሮስ?» ስንለው ታሪኩ ወደ ራሱ ቤት፣ ወደ ራሱ ወንድም ይገባል።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚከብደውን ነገር እናንሣ። ታሪክ ካነበብን በኋላ «ምን ተማራችሁ?» ስንል፣ ልጆች ታሪኩ ምንም ይሁን ምን «መታዘዝን!» ብለው በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ። መልሱ ጥሩ ነው፤ ግን ከአንገት በላይ ነው። ልጁ የተማረው መምህርን ደስ የሚያሰኝ አንድ ቃል እንዳለ ነው። ያላሰበውን መናገር፣ ያልገባውን እንደ ገባው መምሰል ይለምዳል። ይህ ልማድ አብሮት ቢያድግ ስሙ ምን ይባላል? ጌታችን አጥብቆ የገሠጸው ግብዝነት ይባላል። ማስተዋልን የኅሊና ጉዳይ ነው ያልነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጌታችን ራሱ የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ሲነግር ፍርዱን ቀድሞ አልተናገረም። ከሦስቱ ባልንጀራ የሆነው ማን እንደ ሆነ ሕግ ዐዋቂውን ጠየቀው፤ መልሱንም ከራሱ አፍ አወጣው። ነቢዩ ናታንም ለዳዊት አስቀድሞ የነገረው የድኻውን ሰው አንዲት በግ ታሪክ ነው። ዳዊት ፈረደ፤ ፍርዱ በራሱ ላይ መሆኑን የተረዳው ከዚያ በኋላ ነው። ራስ ያላገኘው እውነት ልብ ድረስ አይዘልቅም።

«ልጆች እንደ ልባቸው ከተረጐሙ ስሕተት አይገባም ወይ?» ብንባል መልሳችን ይህ ነው፦ የሃይማኖትን ትምህርት አባቶች እንዳስተማሩት በቀጥታ እናስተምራለን፤ በዚያ ላይ የምንጨምረውና የምንቀንሰው የለም። በታሪኩ ላይ ግን ልጁ ቢሳሳት «ይህን ከየት ላይ አገኘኸው? እስቲ አሳየን» እንበለው። ተመልሶ ሲያነብብ ጽሑፉ ራሱ ያርመዋል። ይህ እርማት ከቁጣ ይልቅ ይጸናል።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በሕፃናት ክፍል የምናገለግል ሁሉ ብዙ ገጽ ለመጨረስ አንቸኩል። በአንድ እሑድ አንድ አጭር ታሪክ ይበቃል። ጠይቀን ዝም ማለትን እንልመድ፤ ቶሎ እጁን የሚያወጣው ልጅ ብቻ ሳይሆን ከኋላ ያቀረቀረችውም ልጅ ታስብ ዘንድ ጊዜ እንስጥ። ታሪኩን በራሳቸው አነጋገር ይንገሩን። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይባላልና እነርሱም ይጠይቁን፤ የማናውቀውን ቢጠይቁን መምህራንን ጠይቀን በሚቀጥለው እሑድ እንመልስላቸው። በቤት ያለን ደግሞ ታናናሾቻችንን ማታ አጠገባችን አስቀምጠን እናንብብላቸው።

ጃንደረባው መንገዱን ደስ እያለው ሄደ። ደስታው መጽሐፍ ስለ ያዘ አልነበረም፤ መጽሐፉ ሲይዘውም አላስተዋለውም ነበር። ደስ ያለው አጠገቡ ተቀምጦ ያስረዳው ሰው ስላገኘና ስላመነ ነው። ለታናናሾቻችን ያን ሰው እንድንሆንላቸው እግዚአብሔር ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።