የዘመድ ፍቅርና የቤት ወሰን

ፍል ውሃው ለቁርጥማትና ለወገብ ሕመም ይበጃል እየተባለ ወደ ሶደሬ የሚወርደው ሕዝብ ሁሉ በአዋሽ ዳር ባሉት ማረፊያዎች የሚያድር አይደለም፤ ከፊሉ በአዳማ ዘመድ ስላለው ሻንጣውን በዚያ አሳርፎ፣ ማለዳ ወደ ውሃው ወርዶ፣ ማታ ወደ ዘመዱ ቤት ይመለሳል። እንግዲህ እንዲህ ባለው ቤት፣ ለሦስት ቀን የመጣው እንግዳ ወር ሲሰነብት፣ ፍራሹ በሳሎን ስለተዘረጋ ተማሪው ልጅ ደብተሩን ይዞ ወደ ማድ ቤት ሲሰደድ፣ ከተዳረች ሁለት ዓመት ያልሞላት ሙሽራም ቡናውን እየቀዳች ሳለ «ልጁስ ምነው ዘገየ?» ተብላ በሰው ፊት ስትጠየቅ፣ ባለቤቶቹ «ይብቃ» ቢሉ በእግዚአብሔር ፊት በደለኞች ይሆናሉን?

እኔ አይሆኑም ባይ ነኝ፤ ይልቁንም የሚያስፈራኝ ዝም ማለታቸው ነው። በይሉኝታ የተያዘ ሰው ከንፈሩ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ሲል ኅሊናው የእንግዳውን መሄጃ ቀን ይቆጥራል፤ እንግዳው ከወጣ በኋላም ሳይነገር የቀረው ሁሉ ሐሜት ሆኖ በየጎረቤቱ ይዞራል። ይህን ትዕግሥት ነው ብሎ የሚያጸድቅ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ትዕግሥት ከፈቃድ፣ ይሉኝታም ከፍርሃት የሚወለዱ ናቸውና፣ ሰው ሳይወድ የሰጠው ምጽዋት ከትሩፋት እንደማይቈጠርለት ሁሉ፣ ሳይወድ የሰጠው መኝታም ፍቅር ሊባል አይገባውም።

ዝምድና ራሱ ወሰን አልባ ሆኖ አያውቅም። አማራውም ኦሮሞውም ለጋብቻ ሲሆን ትውልድ እስከ 7 ይቈጥራል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ቀለብ የመስጠትን ግዴታ በወላጅና በተወላጅ፣ በወንድምና በእህት፣ በቀጥታ መሥመር ባሉ አማቾችም መካከል ወስኖ፣ አጎትንና አክስትን ከዝርዝሩ ውጭ ትቷቸዋል።

አብርሃም የወንድሙን ልጅ ሎጥን እንደ ልጁ ይዞ ሲኖር፣ እረኞቻቸው በግጦሽ ሲጣሉ ባየ ጊዜ፣ ጠቡ ወደ ራሳቸው ሳይደርስ እንለያይ ብሎ የተናገረ ሽማግሌው እርሱ ነው፤ ምርጫውንም ለታናሹ ሰጠ። ሎጥ በተማረከ ጊዜ ግን በቤቱ የተወለዱትን 318 ሰዎች አስታጥቆ እስከ ዳን ድረስ ተከተለ። አበው ይህን ቍጥር በኒቅያ ከተሰበሰቡት ከሠለስቱ ምዕት ጋር እያመሳሰሉ ይተረጕሙታል፤ እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ ግን የሽማግሌው ፍጥነት ነው። በአንድ ግጦሽ ላይ እየተቋሰሉ ቢቈዩ ኖሮ ሎጥ በተማረከ ጊዜ ያን ያህል ፈጥኖ መነሣቱን እጠራጠራለሁ።

የከበደው ግን የሌላውን ወሰን ማክበር ነው። ዮቶር የልጁ ባል ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ ተመልክቶ ድካሙን ነገረው፣ መከረው፣ ምክሩም ሲፈጸም ወደ አገሩ ተመለሰ፤ የሚሾሙትን አለቆች እኔ ልምረጥ አላለም። በእኛ ዘንድ ግን መካሪው ዘመድ ምክሩን ራሱ ካላስፈጸመ የተናቀ ይመስለዋል።

ወሰኑን የሚናገረውም የሥጋ ዘመዱ ይሁን እንጂ ሙሽራይቱ አትሁን፤ ሲናገርም ቂም ሳይቋጠር፣ እንግዳው ለመንገዱ ሳይነሣ፣ «ጋሼ፣ እስከ እሑድ ቤቱ የእርስዎ ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ ልጁ ፈተና ስላለበት እዚያው ሶደሬ ክፍል እይዝልዎታለሁ» ይበል። ጋሼ ለጊዜው ቅር ቢላቸውም የሰሙት እውነት ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። እናት በሞተችበት ቤት ገብታ የእህቷን ልጆች ያሳደገች፣ ራሷ ሳትወልድ ያረጀች አክስት ወደ አንደኛው ልጅ ቤት ብትመጣ፣ ሕጉ በዝርዝሩ ባይጠራትም እንግዳ አይደለችምና ቀን ሊቈረጥላት አይገባም። እርሷን በሚመለከት ባል ከሚስቱ ጋር መነጋገር ያለበት ገና በእጮኝነታቸው ጊዜ ነው።