ከኮኩ ሥር የወደቀውን እናንሳ

ክረምት ሲገባ በጎንደር ጓሮዎች ኮክ ይበስላል። ከላይ ሲያዩት ያምራል። ሲገምሱት ግን ሥጋው ቡናማ ሆኖ ሟሙቷል፤ ነጫጭ ትሎች ይርመሰመሱበታል። ያደገውን ትል መዳፍ ላይ ቢያኖሩት ተጠቅልሎ ይስፈነጠራል።

ትሉን ዝናብ ያመጣው የሚመስለው ሰው አለ። እናቱ ግን የፍራፍሬ ዝንብ ናት። የሜዲትራኒያን ዝንብ የሚሏት ዝርያ የትውልድ አገሯ አፍሪካ ነው፤ ከቤት ዝንብ ታንሳለች፣ ክንፏም ቢጫማ ዝንጉርጉር ነው። መብሰል የጀመረውን ፍሬ በመርፌ መሰል ጭራዋ ወግታ ከልጣጩ ሥር ዕንቁላል ትጥላለች፤ በዕድሜዋ 300 ያህል ልትጥል ትችላለች። በሞቃት ወቅት ዕንቁላሉ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ትሉ ሳምንት ያህል ሥጋውን ሲበላ ይሰነብትና ከፍሬው ወጥቶ አፈር ውስጥ ይገባል። እዚያ የስንዴ ቅንጣት የመሰለ ቡናማ ቅርፊት ለብሶ ይቆይና ዝንብ ሆኖ ይወጣል። ብርድ ዕድገቱን ያዘገየዋል እንጂ ጨርሶ አያስቀረውም። ኮኩ ሲያልቅ ዝንቧ ወደ ዘይቱኑና ወደ ብርቱካኑ ትሻገራለች።

ማንጎን አጥብቃ የምታጠቃ የእስያ ዝርያም አለች። በ2003 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ ከታየች ወዲህ በአፍሪካ ተሰራጭታለች፤ ወደ ኢትዮጵያም ገብታለች።

ጥፋታችን ያለው ከዛፉ ሥር ነው።

ደህናውን ለቅመን ለገበያ እናወጣለን፤ የወደቀውን እዚያው እንተወዋለን፣ ወይም ጠርገን በአጥር ላይ ወደ ጎረቤት፣ ሲብስም ወደ ቀሃ ወንዝ ዳር እንጥለዋለን። ትሉ ግን አብሮ አይሞትም፤ የተጣለበት አፈር ውስጥ ይገባል። መድኃኒት መርጨትም ቢሆን ፍሬው ውስጥ የተደበቀውን ትል አያገኘውም፤ ከነልጣጩ የሚበላውን ልጅ ግን ሊጎዳ ይችላል።

የሚሻለው ቀላል ሥራ ነው። የወደቀውንና ዛፍ ላይ የተበላሸውን በየቀኑ መልቀም፤ በጥቁር ፌስታል አጥብቆ አስሮ ትሉ እስኪሞት ለቀናት ፀሐይ ላይ ማቆየት፤ ዝናብ ካላቋረጠ ጥልቀቱ ከግማሽ ሜትር በማያንስ ጉድጓድ ቀብሮ አፈሩን መጠቅጠቅ። የደረሰውን ፍሬ ዛፍ ላይ አለማቆየት። ዶሮ ያለው ደግሞ ከዛፉ ሥር ይልቀቃት፤ እየጫረች ትለቅማለች።

ዝንብ አጥር አያግዳትምና አንድ ጓሮ ብቻውን ቢጸዳ አይበቃም። በአዘዞም በከተማውም ያላችሁ ጎረቤታሞች፣ ለቡና ስትጠራሩ ይህንንም ተነጋገሩበት፤ የዘንድሮው ኮክ መውደቅ ሲጀምር በአንድ ቀን አብራችሁ ጀምሩ።