ንፍሮውና ቅቤው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ግንቦት 1 ሲቃረብ ይህች ጥያቄ ደጋግማ ትደርሰናለች፦ «እናቴ ለአድባሯ በግ እንዲታረድ ገንዘብ ላኪ ትለኛለች። ብልክ ኃጢአት ነው ወይ?»

አስቀድመን ሁለቱን እንለይ። አባቶቻችን እንዳስተማሩን እመቤታችን የተወለደችው በሊባኖስ ተራራ ነው። ሐናና ኢያቄም ከቤታቸው ርቀው ስለ ነበር በዚያ ንፍሮ ተበላ። (ዛሬ እዚያው አገር በሰው ቤት የምታገለግሉ እኅቶች ከቤት ርቆ መብላትን ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ።) ስለዚህ ንፍሮ ቀቅሎ፣ ደጅ ወጥቶ ከጎረቤት ጋር መቅመስ ነውር የለበትም፤ በዓሉን ማሰብ ነው።

ዛፉን ቅቤ ቀብቶ፣ ከሥሩ ደም አፍስሶ «ጠብቀን» ማለት ግን ሌላ ነው። አብርሃምም በመምሬ ዛፍ ሥር ተቀምጧል፤ የሰገደው ግን ለተገለጡለት ለሥላሴ እንጂ ለዛፉ አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችንን ቅጥር ጽድና ወይራም እንጠብቃለን፤ አንለምነውም። እንዲያውም ጠባቂዎቹ እኛው ነን።

ታዲያ እናትን በስልክ «ባዕድ አምላኪ» ብሎ መዝለፍ ይገባልን? አይገባም። ልጇ ባሕር ማዶ ናት፤ ሌሊት ያስጨንቃታል፤ የምትይዘው ብታጣ የእናቷን ልማድ ያዘች። ስለዚህ ለአድባሩ በግ አትላኩ። ለንፍሮው እህል፣ ለቡናው፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ጧፍና ዕጣን ግን ላኩላት። የክርስትና ስማችሁንም ለንስሐ አባቷ ሰጥታ በጸሎት እንዲያስቧችሁ ለምኗት። ታኮርፍ ይሆናል፤ በማግስቱ ደግማችሁ ደውሉላት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።