ከልጁ አጠገብ ማን ተቀምጧል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ባለፈው ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እኅታችን ለብቻዋ ልታናግረኝ ፈለገች። ልጇን እናቷ ዘንድ ትታ ከመጣች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ልጁ አሁን አራት ዓመቱ ነው። ከደመወዟ ቆጥባ ስልክ የላከችው ፊቱን ልታይበት ነበር። «አሁን ግን አባቴ፣ በኢሞ ስደውል ያለቅሳል። ናፍቆኝ ነው ብዬ ነበር፤ ለካ የሚያየውን ካርቱን እያቋረጥኩበት ነው። ቀዩን ነክቶ ይዘጋብኛል። ኃጢአቱ የእኔ ነው ወይስ የእናቴ?»

ይህ የእርሷ ብቻ ጥያቄ አይደለም። ብዙዎቻችሁ ልጅ አገር ቤት አላችሁ። ቀን ደግሞ ታብሌት ይዞ የተቀመጠውን የማዳምን ልጅ ትጠብቃላችሁ።

አስቀድመን እውነቱን እንናገር፤ ስልክ በራሱ ኃጢአት አይደለም። እንጀራ እየጋገረች፣ ውኃ እየቀዳች ሕፃን የምታሳድግ አያት ለትንሽ ጊዜ ስልክ ብትሰጠው የሚፈርድባት ማን ነው? ችግሩ ሌላ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ታሪኩን ከማስታወቂያው ለመለየት ይቸገራል፤ ያየውንም ብዙ ጊዜ እውነት ነው ብሎ ይቀበላል። ስልኩ ደግሞ አይደክምም፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ ይቀጥላል። አያቶቻችን ተረት ሲያወሩ እንዲህ አልነበረም። «ተረት ተረት» ሲሉ ልጁ ይመልሳል፤ ሲጨርሱም «ተረቴን መልሱ» ይላሉ። ተረቱ ማብቂያ ነበረው፤ ልጁም የሰማውን በራሱ አፍ ይናገር ነበር። ስልክ ግን «መልስልኝ» አይልም።

በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 8 ያለውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ አስቡት። የንግሥት ገንዘብ የታመነበት፣ የተማረ ሰው ነው። የያዘውም የነቢዩ የኢሳይያስ መጽሐፍ ነው። ሆኖም የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ተናገረ። ፊልጶስም መጽሐፉን አልቀማውም፤ ወደ ሠረገላው ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ትልቅ ሰው ቅዱስ መጽሐፍ ይዞ አጠገቡ የሚቀመጥ ካስፈለገው፣ ማን እንደሠራው የማናውቀውን ነገር ብቻውን የሚያይ ሕፃንማ ምን ያህል ያስፈልገው?

«እኔ ሩቅ ነኝ፤ እንዴት አጠገቡ ልቀመጥ?» ትሉኛላችሁ። ሐናም ሩቅ ነበረች። ልጇ ሳሙኤል በሴሎ፣ እርሷ በራማ። በየዓመቱ ግን ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ትወስድለት ነበር። ልጅ ያድጋልና ያለፈው ዓመት ልክ ለዘንድሮ አይሆንም። እጇ ባይደርስም ልኩን ማወቅ አልተወችም። እኛስ የምንልከው ስልክ በልጁ ልክ ነው?

በዚያው ስፍራ የነበረው ካህኑ ዔሊ የተወቀሰው የልጆቹን ጥፋት እያወቀ ስላልከለከላቸው ነው። ስለዚህ ለእኅቴ እንዲህ አልኳት፤ «ባለማወቅ የሆነው በደል የአንቺም የእናትሽም አይደለም። ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ ግን አደራ ነው።»

አደራውን በምን እንወጣው?

አንደኛ፣ ከአያት ጋር ተመካከሩ፤ አትቆጧቸው። ሸክሙን የያዙት እርሳቸው ናቸው። ልጁ ስልኩን ሰው ባለበት ክፍል ይይ፤ በብርድ ልብስ ውስጥ አይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስም የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። ቪዲዮው በራሱ እንዳይቀጥል የሚያደርገውንም የጎረቤት ተማሪ ያጥፋላቸው። የምትደውሉበትን ሰዓት ወስኑ፤ ካርቱኑ ከመከፈቱ በፊት ይሁን።

ሁለተኛ፣ የመዋዕለ ሕፃናቱን መምህርት ስልክ ያዙ። ምን እንደምታስተምር፣ ልጁ ከምን ካርቱን ያየውን በክፍል እንደሚያደርግ ጠይቋት። እርሷ በክፍል የምትሠራውን ቤት ካፈረሰው ድካሟ ከንቱ ነው። በቋንቋችን ለሕፃናት የተሠሩ ዝግጅቶችም አሉ፤ የቀጭኔዋ አሻንጉሊት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» አንዱ ነው።

ሦስተኛ፣ ልጁን ጠይቁት። «ዛሬ ምን አየህ? ክፉው ማን ነበር? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» በሉት። «ተረቴን መልሱ» ማለት ይህ ነው፤ ከባሕር ማዶም ይቻላል።

የማዳምን ልጅ የምትጠብቁ እኅቶቼ፣ በዚያ ቤት የመወሰን ሥልጣን እንደሌላችሁ አውቃለሁ። ግን ልብስ እያጠፋችሁም አጠገቡ መቀመጥ ትችላላችሁ። የሚያስፈራ ነገር ሲያይ ብታገኙት ለእናቱ በትሕትና ንገሯት። የሰው ልጅ ነው ብላችሁ አትለፉት። የእናንተም ልጅ በሰው እጅ ነው፤ እንዲደረግለት የምትመኙትን አድርጉለት።

ያቺ እኅት ረቡዕ ማታ በድምፅ መልእክት እንዲህ አለችኝ፤ «አባቴ፣ ዛሬም አለቀሰ። ግን ካርቱኑን ስጠይቀው ስለ ጥንቸሏ ነገረኝ።» ይህም ጅማሬ ነው፤ ሐናም ሁሉን በአንድ ዓመት አልሰፋችም።

አምላከ ሳሙኤል በእጃችሁ ያሉትንም፣ ከእጃችሁ የራቁትንም ሕፃናት ይጠብቅልን። ለአሳዳጊ አያቶቻችን ጤናና ዕድሜ ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።