እንባውን ማን አየው?

ቅዳሜ ከሰዓት የወጣቶች ፕሮግራም ካለቀ በኋላ ወንበር የምናነሳ ሰዎች የለመድነው ክርክር አለ። «ጃን ዲ የተሳሳተችው ጂ ሁን ትታ ጁን ፒዮን የመረጠች ዕለት ነው!» ትላለች አንዷ። «ዝም በይ! ጁን ፒዮ እኮ ለእሷ ሲል ተለውጧል» ትመልሳለች ሌላዋ። ከነፋስ መውጫ እስከ ወገዳ፣ ከአርብ ገበያ እስከ መካነ ኢየሱስ የኮሪያ ድራማ ያልገባበት የተማሪ ስልክ ጥቂት ነው። ኔትወርክ ሲኖር በቴሌግራም፣ ሳይኖር በሚሞሪ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በ2008 ዓ.ም ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር ብዙዎች ስለ ባህላችን ሰግተው ነበር። ዛሬ ልጆቻችን የሚከራከሩት ስለ ባህል አይደለም፤ ማን ማንን ማግባት እንደነበረበት ነው።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ይህን የምጽፈው ድራማ አትዩ ልላችሁ አይደለም። እኔም አይቻለሁ፤ ሌሊቱን አጋምሼም አውቃለሁ። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት በዚያ ክርክር ውስጥ ያልገባች አንዲት እህት የነገረችኝን ነው። እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች።

ሌሎቹ ሲሄዱ ቀረት ብላ ስለ እጮኛዋ አጫወተችኝ። ሰው ፊት ይሰድባታል። ስልኳን ወስዶ መልእክቷን ይፈትሻል፤ አንዳንዴም ለቀናት ይዞ ያስቀረዋል። ከኳየር ልምምድ ስትመለስ መንገድ ላይ ጠብቆ ከማን ጋር እንደነበረች ይመረምራታል። ይህን ሁሉ ከነገረችኝ በኋላ ግን «ጋሼ፣ ልቡ ጥሩ ነው። ከውስጡ እንደ ጁን ፒዮ ነው» አለችኝ።

«ልቡ ጥሩ መሆኑን በምን አወቅሽ?» አልኳት። ዝም አለች። እኔም ጥያቄውን ይዤው ገባሁ።

«ቦይስ ኦቨር ፍላወርስ»ን ላላየ በአጭሩ ልንገረው። ጃን ዲ የልብስ እጥበት ቤት ያላቸው ሰዎች ልጅ ናት። ጁን ፒዮ የታላቅ ኩባንያ ወራሽ ነው። እሱና ጓደኞቹ ያልወደዱት ተማሪ ሣጥን ውስጥ ቀይ ካርድ ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያንን ልጅ ያሠቃየዋል። ለጃን ዲም ቀይ ካርድ ደረሳት። ቆይቶ ልጁ ወደዳት፤ የወደዳት ጊዜ ያደረገው ግን ሰዎች ልኮ ሳትፈቅድ ወደ ቤቱ ማስመጣት፣ አልብሶና አስጊጦ ፊቱ ማቆም ነበር። ታሪኩ መጀመሪያ የጃፓን የሥዕል ልቦለድ ነው። ታይዋን እ.ኤ.አ. በ2001፣ ጃፓን በ2005፣ ኮሪያ በ2009፣ ቻይና በ2018 በድራማ ሠርተውታል። አራት አገር ደጋግሞ የሠራው ሰው ስለሚወደው ነው። እኛስ በትዕቢቱ የጀመረውን ይህን ልጅ በመጨረሻ እንዴት ወደድነው?

መልሱ ካሜራው ይመስለኛል። ጁን ፒዮ በሩን ዘግቶ ብቻውን ሲሆን ካሜራው አብሮት ይገባል። ከልጇ ይልቅ ንግዷን የምታስቀድም እናቱን ያሳየናል። ማንም በማያየው ሰዓት ሲያዝን እናየዋለን፤ ዜማውም ከበስተኋላ ሆኖ እንድናዝንለት ያባብለናል። ስለዚህ በማግስቱ ሲጮህና ሲሰብር «አይ፣ እሱ እኮ ተጎድቶ ነው» እንላለን። ደራሲው ልቡን ከፍቶ አሳይቶናልና አልተሳሳትንም።

እህቴ፣ በአንቺ ሕይወት ግን ያ ካሜራ የለም። የሚሰድብሽ ልጅ ቤቱ ገብቶ ይጸጸት ወይም ይሳቅ አላየሽም። ያየሽው ስድቡን ነው። እንባውን አንቺ ራስሽ በሐሳብሽ ሣልሽለት፤ ከዚያም በሣልሽው እንባ ያየሽውን ስድብ ይቅር አልሽ። ሳሙኤል ከእሴይ ልጆች አንዱን ሊቀባ በሄደ ጊዜ ጌታ ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ ልብን ማየት የእግዚአብሔር ድርሻ ነው። ለእኛ የተሰጠን መለኪያ ጌታ ኢየሱስ በተራራው ስብከቱ የነገረን ነው፦ ዛፉን በፍሬው ማወቅ።

የተደበቀ ስሜት ብቻውን ፍቅር እንዳይደለ መጽሐፍ ቅዱሳችን በሚያስፈራ ታሪክ ያሳየናል። ሁለተኛ ሳሙኤል 13ን አንብቡ። አምኖን ትዕማርን ከመውደዱ የተነሣ እስኪታመም ድረስ ከሳ። በዚያ ሰዓት ካሜራ መኝታ ቤቱ ቢገባና ዜማ ቢታከልበት ሁላችንም ባዘንለት ነበር። ስሜቱ ውሸት አልነበረም፤ አሳምሞታል። ነገር ግን «እምቢ» ስትለው አልሰማትም። ካዋረዳት በኋላም ከቀድሞው ፍቅሩ በሚበልጥ ጥላቻ ጠልቶ በሩን ዘጋባት። ስሜቱ ጥልቅ መሆኑ ለትዕማር ምን ጠቀማት?

ሳትፈቅድ ሰዎች ልኮ ማስመጣት በድራማው ያስቃል፤ እኛ አገር ግን ስም አለው፦ ጠለፋ። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያላችሁ አንባቢዎቼ ከአያት ወይም ከአክስት አፍ የሰማችሁት ታሪክ ይኖራል። በ1949 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቱን ካገባት ከክስ የሚያመልጥበት በር ነበረው። በ1997 ዓ.ም ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ያንን በር ዘጋው፤ ለማግባት ብሎ የጠለፈ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ቢያገባትም ከተጠያቂነት አይድንም። «ቢወዳት ነው እኮ!» የሚለው ምክንያት ለብዙ ዘመን እንደ ይቅርታ ተቆጥሮ ኖሯል። «እምቢ ማለቷ እሺ ማለቷ ነው» እያላችሁ ከትምህርት ቤት መልስ መንገድ የምትዘጉ ወንድሞች፣ ይህ የእናንተም ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ አንዱ ይነሣና፦ «ታዲያ ፍቅር ሰውን አይለውጥም? ክርስቶስ የወደደን ገና ኃጢአተኞች ሳለን አይደለም ወይ?» ይለኛል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ እምነታችንም የቆመው በዚህ ላይ ነው። አዎ፣ ጸጋ ሰውን ይለውጣል። የማንም ሰው አዳኝ እንድትሆኚ ግን አልተጠራሽም፤ ያ ሥራ ባለቤት አለው። ይቅር ማለትና ማግባትም ሁለት ናቸው፤ ይቅር ብለሽው ላታገቢው ትችያለሽ። ደግሞም ጸጋ የነካው ሰው ይታያል። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል «ልቤን ታውቀዋለህ» ብሎ አላበቃም። የሀብቱን እኩሌታ ለድኾች፣ የቀማውንም አራት እጥፍ አድርጎ ሊመልስ ቃል ገባ። ኢያሪኮ የዘኬዎስን ልብ ማየት አያስፈልጋትም ነበር፤ የተቀማ ሰው ገንዘቡን ቆጥሮ መረከብ ይችላል።

ለጁን ፒዮ ሲከራከሩ የሚረሱትን ሌሎች ሰዎች ደግሞ ላንሣ። «ክራሽ ላንዲንግ ኦን ዩ» በሁለቱ ኮሪያዎች መካከል ያለውን ድንበር የሚመለከት ነው፤ በ1943 ዓ.ም ኮሪያ የደረሰው የቃኘው ሻለቃ አባቶቻችን ደማቸውን ያፈሰሱባት ምድር ናት። ዐውሎ ነፋስ ድንበር አሻግሮ የጣላት ሀብታሟ ሴ ሪ በካፒቴን ሪ ቤት ተደብቃ ሳለ ቡና ናፈቃት። ካፒቴኑ ገበያ ወርዶ ጥሬ ቡና ገዛ፤ በብረት ድስት ቆልቶ፣ በድንጋይ ፈጭቶ አፈላላት። ይህን ትዕይንት ከእኛ በላይ የሚረዳው ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። እኛ ቤት ቡና የምትቆላው እናት ወይም እህት ናት፤ ወንዱ ተቀምጦ ጭሱን ይምጋል። ያ ወታደር «እወድሻለሁ» ከማለቱ በፊት ምጣድ አጠገብ ቆመ። ፍቅሩን ለማመን የተደበቀ እንባ አላስፈለገንም።

«ሪፕላይ 1988» ደግሞ የተደበቀ መልካምነትም እንደማይበቃ ያሳያል። ጆንግ ሁዋን ደግ ልጅ ነው፤ ዶክ ሰንን ከልቡ ይወዳታል፤ ግን ለዓመታት ይደብቃል። በመጨረሻ መኪና እየነዳ ሊደርስባት ሲጣደፍ የትራፊክ መብራት ያቆመዋል። ሲደርስ ቴክ ጨዋታውን ጥሎ ቀድሞት መጥቷል። ጆንግ ሁዋን በዚያች ሌሊት ዕድሉን አይረግምም፤ ያስቀረው መብራቱ ሳይሆን የራሱ ማመንታት መሆኑን ያምናል። ወንድሞች ሆይ፣ ደግ ሆናችሁ ዝም ያላችሁ አላችሁ። ልባችሁን እግዚአብሔር ያየዋል፤ እህታችሁ ግን አታየውም።

በገብስ አጨዳ ወራት የቦዔዝን ታሪክ አንብቡት። ጋይንት ላይ ቃርሚያ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ባዕድና ድኻ የሆነች ሴት እርሻው ላይ ልትቃርም መጣች። ቦዔዝ ሠራተኞቹን እንዳይነኳት አዘዘ፤ ውኃ እንድትጠጣ ነገራት፤ ከነዶው ሆን ብለው እንዲጥሉላትም አደረገ። ሊያገባት ሲፈልግ ደግሞ ጉዳዩን በጨለማ አልጨረሰም፤ ወደ ከተማው በር ወጥቶ አሥር ሽማግሌዎችን አስቀምጦ በሰው ፊት ተናገረ። ስለ ቦዔዝ እንባ መጽሐፉ አንዲት ቃል አይነግረንም፤ ሩት ግን የተቃረመው ገብስ እጇ ላይ ነበር።

ስለዚህ ድራማ ስታዩ አንድ ልማድ ጨምሩ። የምትወዱት ገጸ ባሕርይ ብቻውን ሆኖ ያለቀሰበትን፣ ዜማውም የገባበትን ሁሉ በሐሳባችሁ አውጡት። ልጅቱ ያየችውን ብቻ አስቀሩ። የቀረው ምንድን ነው? ያ የቀረው ለእህታችሁ የምትመኙላት ሰው ከሆነ፣ ተከራከሩለት፤ እኔም አግዛችኋለሁ።

ያቺ እህት ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰች። ሦስት ነገር ጠይቃው ነበር፦ ስድቡን እንዲተው፣ ስልኳን እንዲመልስላት፣ መጥቶ ታላቅ ወንድሟን እንዲያናግር። «ምን አለሽ?» አልኳት።

«አለቀሰ» አለችኝ። «ይኸው እንባውን አየሁት፣ ጋሼ። ስልኬን ግን አልመለሰልኝም።»

በዚያ ቀን ወንበሩን አብረን አነሣን። ጸልየን ተለያየን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ኳየር ላይ ቆማ ስትዘምር አየኋት፤ ማንም መንገድ ላይ አልጠበቃትም።