«የቱ ደብዳቤ?»

እ.ኤ.አ. በ2003 ዌስት ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ አባት ኢራቅ ከዘመተ ልጁ ጋር በስልክ ተገናኘ። ልጁ የእጅ ቦምብ ፍንጣሪ ሁለት እግሮቹን መትቶት ሆስፒታል ተኝቷል። አባትየው የልጁን ደብዳቤ በአካባቢያቸው ጋዜጣ ላይ አንብቦ ኮርቶ ስለነበር፣ ግሩም ደብዳቤ ጻፍክ ብሎ አሞገሰው። ልጁ «የቱ ደብዳቤ?» ሲል ጠየቀ።

ደብዳቤው ከኪርኩክ የመጣ ነው። የአሜሪካ ጦር 503ኛ እግረኛ ሬጅመንት 2ኛ ሻለቃ በዚያች የነዳጅ ከተማ ሰፍሮ ነበር። የከተማው ሕዝብ ወታደሩን እጁን ዘርግቶ እንደተቀበለ፣ ሕፃናት እየሮጡ መጥተው በተሰባበረ እንግሊዝኛ እንደሚያመሰግኑ፣ ጸጥታውና ኑሮው እየተሻሻለ እንደሄደ ይናገራል። ይኸው ደብዳቤ ቃል በቃል፣ የፈራሚው ስም ብቻ እየተለወጠ፣ በ11 ጋዜጦች ታትሞ ተገኘ። ነገሩ ሲጣራ ጽሑፉ የወጣው ከሻለቃው እዝ ነው። አዛዡም አልካደም፤ ወታደሮቹ የሠሩትን አገር ቤት ያለው ሰው እንዲያውቅላቸው በማለት ሐሳቡን ያመነጨው እሱ ራሱ መሆኑን ተናገረ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ማጭበርበሩ አይደለም። ጋዜጠኞች በቀጥታ ወይም በቤተሰቦቻቸው በኩል ካገኟቸው ፈራሚዎች ስድስቱ፣ ደብዳቤውን እነሱ ባይጽፉትም በሐሳቡ እንደሚስማሙ አረጋግጠዋል። እንግዲህ ምን እንበል? የማምንበትን ነገር ሌላ ሰው ጽፎልኝ ብፈርምበት ዋሽቻለሁ? ጠበቃ የጻፈልኝን አቤቱታ ስፈርም ማንም ውሸታም አይለኝም። ታዲያ የወታደር ደብዳቤ ላይ ስንደርስ ለምን ይቆጠቁጠናል?

ይህን ጥያቄ ያለ አያቴ ላስበው አልችልም። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። በ1970ዎቹ ሰሜን ግንባር የነበረው አጎቴም እንደዚያው ነበር፤ ደብዳቤውን ጓዶቹ ናቸው የሚጽፉለት። የእጅ ጽሕፈቱ በየጊዜው ይለያያል፤ አገባቡ ግን አንድ ነው። «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» አገር ሙሉ በዚሁ ቃል ነበር የሚጻጻፈው። ዘማቹም፣ ተማሪውም፣ ከሸዋ ተድራ ጎጃም የቀረችው ሴትም «ከናፍቆትሽ በቀር» ይላሉ። ቃሉ የማንም አይደለም፤ ናፍቆቱ ግን የእያንዳንዱ ነበር። አንባቢዋ እኔ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ፣ ሰላምታውን አንብቤ ወደ ታች ስወርድ አያቴ አንድ ነገር ትጠብቃለች። አጎቴ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ቦራ የሚባለውን በሬያችንን ይጠይቃል። «ቦራ እንዴት ነው? ትከሻው ዳነለት ወይ?» እዚያ ስንደርስ አያቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርግና፣ «እሱው ነው፣ ልጄ ነው» ትላለች።

አንድ ቀን የመጣው ደብዳቤ እንደ ማተሚያ ፊደል ያማረ ነበር። ስለ አብዮታዊት እናት አገር፣ ስለማይቀረው ድል፣ ስለ ሠራዊቱ ጽናት ሙሉ ገጽ ይተርካል። ስለ ቦራ አንድም ቃል የለም። አያቴ ሁለቴ አስነበበችኝ። ከዚያ አጥፋ ሙዳይዋ ውስጥ ከተተችውና፣ «ይሄ የጸሐፊው ነው» አለች። ለአንድ ሳምንት እንደ ሐዘንተኛ ሆነች። ልጇ ሞቶ የተሰወረባት መስሏት ነበር።

አጎቴ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ መጣ። ስለዚያ ደብዳቤ ጠየቅሁት። «እኔ ነኝ ያስጻፍኩት» አለኝ። «ያን ሰሞን እንደዚያ ነበር የማስበው። ድሉ ደጃችን የደረሰ መስሎኝ ነበር። በሬ ትዝ ሊለኝ ነው?» በኋላ ሐሳቡን እንደለወጠ ከፊቱ ያስታውቃል፤ ያን ጊዜ ያለውን ግን አልካደም።

ይህን ከሰማሁ ወዲህ ስለ ወታደር ደብዳቤ የሚነሳ ጥርጣሬን ሁሉ በጥንቃቄ ነው የማየው። አያቴ እውነተኛውን ደብዳቤ ሐሰተኛ ያለችው፣ የማታውቀውን ልጅ ስላሳያት ነው። እኛም እንዲሁ ነን። ጦርነቱን የምንቃወም ከሆነ፣ የሚደግፍ ወታደር ደብዳቤ ስናይ «አለቃው ጽፎለት ነው» እንላለን፤ የምንደግፍ ከሆነ ደግሞ የሚያማርረውን «ጠላት የፈበረከው ነው» እንላለን። ማን ጻፈው፣ የጻፈው ሰው ያምንበታል ወይ፣ የተጻፈውስ ስለ ጦርነቱ ልክ ነው ወይ የሚሉት ነገሮች ለየብቻቸው መመርመር ሲገባቸው፣ አንዱን ለሌላው ማስረጃ እናደርጋለን። አጎቴ ደብዳቤውን ያስጻፈው ራሱ ነው፤ ያምንበትም ነበር፤ ስለ ድሉ ግን ተሳስቷል።

የተገላቢጦሹም አለ። እ.ኤ.አ. በ1950 ጀርመን ውስጥ «የመጨረሻዎቹ ደብዳቤዎች ከስታሊንግራድ» የሚል ትንሽ መጽሐፍ ታተመ። 39 ደብዳቤዎች ይዟል፤ ስም የላቸውም፣ አድራሻ የላቸውም፣ ቀን የላቸውም። መጽሐፉ እንደሚተርከው እ.ኤ.አ. በጥር 1943 ከተከበበችው ከተማ በወጣው የመጨረሻ አውሮፕላን ሰባት ጆንያ ደብዳቤ ተጭኖ ነበር፤ ባለሥልጣናቱም የወታደሩን ስሜት ለማወቅ አስከፍተው አስመደቡት። የጦርነቱን አመራር የሚደግፍ 2.1 በመቶ፣ የሚጠራጠር 4.4፣ የማያምንና የሚነቅፍ 57.1፣ በግልጽ የሚቃወም 3.4፣ አቋም የሌለው 33 በመቶ ሆኖ ተገኘ ይላል። ከደብዳቤዎቹ አንዱ የቄስ ልጅ በፍርስራሹ መካከል እግዚአብሔርን ፈልጎ እንዳጣው ለአባቱ የጻፈው ነው። መጽሐፉ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ ዓለምን አስለቀሰ። በኋላ የመረመሩት ምሁራን ግን ደብዳቤዎቹ የእውነት ወታደሮች የጻፏቸው መሆናቸውን እጅግ ተጠራጠሩ፤ ጥርጣሬውም በአብዛኛው ያረፈው በጦር ግንባሩ ዘጋቢ በነበረ አንድ ሰው ላይ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው እነዚህ ደብዳቤዎች ከእውነተኞቹ ጋር ሲነጻጸሩ የሚታየው ነው። በየቤተ መዛግብቱ ተቀምጠው የቆዩት እውነተኛ የስታሊንግራድ ደብዳቤዎች በብዛት ስለ ዳቦ፣ ስለ ቅማል፣ ስለ ብርድ፣ ስለ ገና ጥቅል ያወራሉ። ብዙዎቹም ከሬዲዮ የተለቃቀመ የፕሮፓጋንዳ ቃል ተጭኗቸዋል፤ በረሃብ እየሞተ ፉሬሩ ያወጣናል ብሎ የሚጽፍ ወታደር ነበር። ሐሰተኛው ንጹሕና ጥልቅ ሲሆን፣ እውነተኛው ግን ከአፍ አፍ በተቀባበለ ቃል የተሞላና አንዳንዴም የሚያሳፍር ነው። አንባቢ የወደደው የመጀመሪያውን ነው፤ ልንሰማው የምንፈልገውን ወታደር ነበርና ያሰማን።

ስለዚህ የራስ ቃል መሆን አለመሆኑ መለኪያ አይሆንም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ወታደር የሚሰጥ ፖስትካርድ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሮቹ አስቀድመው ታትመውበታል። ደህና ነኝ፣ ሆስፒታል ገብቻለሁ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል፣ ከአንቺ ብዙ ጊዜ ወሬ አላገኘሁም የሚሉ ናቸው። ወታደሩ የማይመለከተውን ይሰርዛል፣ ይፈርማል፣ ይልካል። ከስምና ከቀን በቀር አንድ ቃል ቢጨምርበት ካርዱ ይወገዳል። ከዚህ የጠበበ ደብዳቤ የለም። ቢሆንም እናቱ እጁ የሰረዘውን መስመር ስታይ የልጇን ድርጊት ነው የምታየው። መሰረዝ ይችል ነበር፣ ሰረዘ።

ኪርኩክ ላይ የጎደለው ይህ ይመስለኛል። አለቃህ የተዘጋጀ ወረቀት ይዞ መጥቶ «ከተስማማህ ፈርም» ሲልህ፣ በፈቃድህ ነው ቢባልም የምትሰርዘው መስመር የለህም። በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ተስማምቶ በአራተኛው የሚጠራጠር ወታደር ያንን የሚገልጽበት ቦታ አልተተወለትም። እምነቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ሳይመዝነው ነው የተወሰደበት። ሆስፒታል የተኛው ልጅ ደግሞ ጭራሽ አልተጠየቀም።

የስታሊንግራዱ ፈብራኪ እንኳ፣ ያ ዝርዝር የእሱ ፈጠራ ከሆነ፣ አንድ ነገር አስተውሎ ነበር። ተራኪው እንዲታመን ወታደሮቹ መለያየት አለባቸው። የሚደግፍ፣ የሚጠራጠር፣ የሚረግም፣ ምንም የማይል አስገባ። የኪርኩኩ ጸሐፊ ግን በሕይወት ያለ ሠራዊት በእጁ ይዞ ሁሉንም በአንድ አፍ አናገራቸው። በዚያው ዓመት ስታርስ ኤንድ ስትራይፕስ የተባለው የጦሩ ጋዜጣ ኢራቅ ያሉ 2,000 ያህል ወታደሮችን ጠይቆ ነበር። ግማሽ ያህሉ የክፍላቸው ሞራል ዝቅተኛ ነው አሉ፤ ሲሶ ያህሉ ጦርነቱ እምብዛም ወይም ፈጽሞ እንደማይጠቅም ተናገሩ፤ ብዙዎቹ ግን የሚያስቆጭ አይደለም ባዮች ነበሩ። ይህ ነው ሠራዊት። አንዱ ትምህርት ቤት ሲያስጠግን ይውላል፣ ሌላው ሌሊት በር ሰብሮ ይገባል፣ ሦስተኛው መጋዘን ይጠብቃል። ሦስቱ የሚጽፉት ስለ ሦስት የተለያዩ ጦርነቶች ነው፤ አንዳቸውም አልዋሹም። «ወታደሩ እንዲህ ይላል» የሚል ሰው ግን፣ ደጋፊም ይሁን ተቃዋሚ፣ የማያውቀውን ነው የሚናገረው።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 19 ቀን 2007 የ82ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር ሰባት ወታደሮች ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ጽሑፍ አወጡ። ባግዳድ የ15 ወር ግዳጃቸውን ሊጨርሱ ተቃርበው ነበር። ዋሽንግተን የሚወራው መሻሻል እነሱ ከሚያዩት ጋር እንደማይገናኝ ጻፉ፤ ማዕረጋቸውንና ስማቸውን ከሥሩ አኖሩ። ጽሑፉ ገና በእጃቸው ሳለ አንዱ ጭንቅላቱን በጥይት ተመታ፤ ያንንም ጽሑፋቸው ላይ አሰፈሩት። የተሰጣቸውን ግዳጅ ግን እስከ መጨረሻው እንደሚወጡ ተናገሩ። ሴፕቴምበር 10 ሁለቱ ባግዳድ ውስጥ በተሽከርካሪ አደጋ ሞቱ።

መሞታቸው ትንታኔያቸውን ልክ አያደርገውም። ከእነሱ ጋር የማይስማማ ወታደር ነበር፤ ተነስቶ በስማቸው ጠርቶ ሊሞግታቸው ይችል ነበር፤ ምክንያቱም ከቃሉ ኋላ የሚጠየቅ ሰው ቆሟል። የኪርኩኩን ደብዳቤ ማን ይሞግተዋል? ፈራሚዎቹ «አልጻፍነውም» ይላሉ፤ የጻፈው ደግሞ በስማቸው ተከልሏል። ጦርነቱን ከልቡ የደገፈ ወታደር ጭምር ነው የተበደለው፤ ድጋፉን በራሱ እጅ፣ ከነጥርጣሬው፣ ከነበሬው መጻፍ ይገባው ነበር። ሆስፒታል የተኛው ልጅ ፍንጣሪ እግሩ ውስጥ ሆኖ ስለዚያች ከተማና ስለ ሕፃናቱ ምን ይል እንደነበር አባቱ ጋዜጣው ላይ አላነበበም።