ሙታንን ማሰብ፤ ሙግት ወይስ ለቅሶ?

ሕያው ለሙት ምን ዕዳ አለበት? ጥያቄው አዲስ አይደለም። በአማራው ገጠር ግን መልሱ ለብዙ ዘመን ከመሬት ጋር ተቆራኝቶ ስለ ኖረ፣ ፍቅር የት ላይ አብቅቶ ጥቅም የት ላይ እንደሚጀምር ለይቶ ማየት አስቸጋሪ ነበር።

የርስት ሥርዓት ጸንቶ በቆየባቸው በጎጃም፣ በጎንደርና በሰሜን ሸዋ የገበሬው ዋና ማስረጃ ወረቀት ሳይሆን የሙታን ስም ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት አንሥቶ እስከ ራሱ ድረስ ማን ማንን እንደ ወለደ መቁጠር የቻለ ሰው፣ በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ድርሻውን የመጠየቅ መብት ነበረው። አሜሪካዊው ተመራማሪ አለን ሆበን በጎጃም ዳሞት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ የትውልድ ቆጠራ በሰፊው ገልጾታል። ስለዚህ የቅድመ አያቱን ስም የማያውቅ ሰው አላዋቂ ብቻ ሳይሆን ድሃም ለመሆን የተቃረበ ነበር። ማታ እሳት ዳር አባት ለልጁ የሚያስጠናው የአጥንት ቆጠራ ተራ ጨዋታ ይምሰል እንጂ መሣሪያ ነበር፤ የሚመዘዘውም በሩቅ ጠላት ላይ ሳይሆን በአጎትና በአጎት ልጅ ላይ ነበር። አንድ አጥንት ያስተሳሰራቸው ሰዎች በዚያው አጥንት የተነሣ ዳኛ ፊት ይቆሙ ነበር።

እንዲህ ያለው ትውስታ መራጭ ነው። ሳትወልድ የሞተች አክስት በሐረጉ ውስጥ ቦታ አልነበራትም፤ በእርስዋ በኩል መሬት የሚጠይቅ የለምና። በጡት ዘመኑ የተቀጨው ሕፃን፣ ዕድሜውን በወንድሙ ከብቶች ኋላ የጨረሰው ወንደላጤ፣ እነዚህም በቆጠራው ይዘለሉ ነበር። ሙግት የሚያስታውሰው የሚጠቅመውን ሙት ነው።

ዳሩ ግን በዚያው መንደር ሌላ ትውስታም ነበር፤ ዛሬም አለ። ባለቤቶቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ሙሾ አውራጅዋ ለቅሶ ላይ ስትቆም የዕለቱን ሟች ብቻ አታነሣም። ዐይንዋን በተቀመጡት ላይ አሳርፋ፣ ባለፈው ክረምት ልጅዋን የቀበረችውን አይታ የልጅዋን ስም ትጠራላታለች፤ ዞር ብላም ለሌላይቱ ወንድምዋን ታነሣላታለች። ያን ጊዜ ለሰው ልታለቅስ የመጣችው ሁሉ የራስዋን ታለቅሳለች፤ ይህንም ማንም እንደ ነውር አይቆጥርባትም። ያች ያልወለደች አክስት፣ ያ ሕፃን፣ ያ ወንደላጤ ስማቸው የሚነሣው እዚህ ነው። ስማቸውን በማንሣት አንድ ጥማድ መሬት የሚያገኝ የለም።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ለቅሶስ ብድር አይደለምን? ያልመጣ ሰው ይታወቃል፤ በእርሱ ቤት ሐዘን ሲገባም የቀረበት ቀን ይታሰብበታል። ተዝካሩም ቢሆን የይሉኝታ ሸክም አለበት፤ በ40ኛው ቀን በሬ ሸጦ የደገሰ ገበሬ ሰኔ ሲገባ በሬ ፍለጋ የሰው ደጅ ሲጠና መታየቱ እውነት ነው። በዚህ ላይ ብዙ ስለ ተባለ መድገም አያስፈልግም። ከጥቅም ፈጽሞ የጠራ ትውስታ መፈለግም ምናልባት ከሰው ተፈጥሮ ውጭ የሆነ ነገር መፈለግ ነው።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። መሬት በተካፋዩ ብዛት ያንሳል፤ ስለዚህ ተሟጋቹ የሚያውቀውን ሐረግ ከዘመዱ ይሸሽጋል፣ ሌላው ቢረሳ ደስ ይለዋል። ሐዘን ግን ተካፋይ በበዛ ቁጥር ይቀላል፤ ስለዚህ አልቃሽዋ ስሙን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጠራለች፣ ያላወቀው እንዲያውቅ ትፈልጋለች። ሁለቱም አንድን ሟች ሊጠሩ ይችላሉ፤ አንዱ ግን ዘመድ እንዲጎድል፣ ሌላይቱ እንዲበዛ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ጉዳይ ሳያስበው ፈተነው። አዋጁ ርስት በነበረባቸው አካባቢዎች ገበሬው የሚያርሰውን ይዞ እንዲቀጥል ሲፈቅድ፣ ትውልድ ቆጥሮ ተጨማሪ መሬት መጠየቅን ግን አስቀረ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ቤት መቁጠር ለጋብቻ ካልሆነ በቀር ብዙም አልፈየደም፤ አጥንት ቆጣሪ ሽማግሌዎችም ሲያልፉ እውቀታቸው አብሮ ተቀበረ። ሙሾው ግን ከመሬት ጋር አልታሰረምና አዋጁ አልነካውም።

ከ10 ዓመት በኋላ የመጣው ፈተና ከዚህ የከፋ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ በኮረም መጠለያ ብዙ ሰው የሞተው ስሙን የሚጠራለት ዘመድ ሳይኖር ነበር፤ ከረሃቡ የተረፉት ራሳቸው ለማልቀስ አቅም አልነበራቸውም። በዚያን ጊዜ ወደ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል በሠፈራ የተወሰደው ሕዝብ ወደ 600 ሺህ ይጠጋል። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ ተለያዩ። ኋላ በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥ ብዙዎች ወደ ቀያቸው ሲመለሱ፣ የሚነገር መርዶ ነበር። ዓመታት ላለፉት ሞት፣ መቃብሩ በውል ለማይታወቅ ሰው፣ እንደ ትናንት ሟች መቀመጥና ማልቀስ ግድ ነበር። ለዚህ ለቅሶ ብድር መላሽ ማን ይሆናል?

የአገሩ የስም አወጣጥም ከዚህ ነገር ጋር ይያያዛል። የቤተሰብ ስም የሚባል ስለሌለ ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል፤ ልጅ ሲወልድ ደግሞ ከላይ ያለው አንዱ ይወርዳል። እንዲህ እየሆነ እያንዳንዱ ሟች ከሁለት ትውልድ በኋላ ከዘሮቹ ስም ተራ ይወጣል። ነገር ግን ከሐዘን በኋላ ለሚወለድ ልጅ የሚወጡ ስሞች አሉ፤ ካሳ፣ ምትኩ፣ ተካ። ከሁሉ የሚገርመው ማስረሻ ነው። ወላጆች ያን የሞተውን እንዲያስረሳቸው ብለው ያወጡታል፤ እናትም ከጓሮ ሆና «ማስረሻ!» ብላ በተጣራች ቁጥር ያ የተረሳ የተባለው ልጅ አብሮ ይጠራል።